ከሰሃቦች መርከብ ሥር፦ በቀይ ባሕር ጥልቅ የሚኖረው ትልቅ ዓይናው ሻርክ



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ መርካቶ ቤታችን እያለሁ አንዲት ጎረቤታችን ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዘው መጡ። ከዐረብ ሀገር የተላከ ነው፤ ላዩ ላይ የሻርክ ሥዕል አለበት፤ ውስጡ እንክብል ነው። "ልጄ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ" አሉኝ። ገና ተማሪ መሆኔን ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነበር፤ የሻርክ ልም አጥንት ዱቄት መሆኑን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ማወቅ የፈለጉት ሌላ ነው። ካንሰር ተገኝቶባቸው ሕክምና ጀምረዋል። ብልቃጡን የላከላቸው የእህታቸው ልጅ ደግሞ ሻርክ ካንሰር እንደማይዘው፣ ይህን ከወሰዱ ሆስፒታል መመላለሱ እንደሚቀርላቸው በስልክ ነግሯቸዋል። "እውነት ነው ወይ?" ሲሉኝ አላውቅም አልኳቸው። "ጥቂት ቀን ይስጡኝ፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ" ብዬ ተለያየን።

የእንክብሉን ነገር ለማጣራት የጀመርኩት ንባብ ያላሰብኩት ቦታ አደረሰኝ። ባሕር የሌለን ስለሆንን ሻርክን የፊልም ነገር አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሃቦች ተሻግረውት በመጡት ባሕር ጥልቅ ውስጥ፣ በዓለም ላይ ካሉ ሻርኮች ሁሉ ለየት ባለ ቤት የሚኖር አንድ ትንሽ ሻርክ አለ። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ እሱን አስተዋውቃችኋለሁ። የጎረቤታችንን ጥያቄ የምንመልሰውም ፍጡሩን ካወቅነው በኋላ ነው።

ስሙን ከተውኔት ያገኘ ሻርክ

በዓለም ላይ ከ500 በላይ የሻርክ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሰው የሚያክሉ እንኳ አይደሉም፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉትም ኑሯቸው ከ200 ሜትር በታች ባለው ጥልቅ ውኃ ነው። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አጽማቸው እንደ እኛ ጠንካራ አጥንት ሳይሆን በጆሯችንና በአፍንጫችን ጫፍ ላይ የምንዳስሰው ዓይነት ልም አጥንት መሆኑ ነው።

የእኛ ሻርክ በሳይንስ ስሙ ኢያጎ ኦማኔንሲስ ይባላል። "ኦማኔንሲስ" የኦማን ማለት ነው። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 እና 1934 የሕንድ ውቅያኖስን ምዕራባዊ ክፍል ካጠናው የጆን መሪ ዘመቻ በኋላ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የዓሣ ሊቅ ኖርማን በ1939 ገለጻውን አሳተመ። ዘመቻው የተካሄደባት መርከብ ግብጻዊት ነበረች፤ ሠራተኞቿም ግብጻውያን ነበሩ። ስሟ "መባሒስ" ይባላል፤ መድረሳ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ቃሉ "ምርምሮች" ማለት ነው።

"ኢያጎ" የሚለው ደግሞ የመጣው በ1971 ነው። ስፕሪንገርና ኮምፓኞ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህ ሻርክ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ቸግሯቸው ስለነበር፣ ለብቻው አዲስ ወገን አበጁለትና በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ኦቴሎን ባሳሳተው በጥባጩ ኢያጎ ስም ጠሩት። ኦቴሎን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ስሙ ለእኛም አዲስ አይደለም።

መልኩን ብታዩት ስሙን ያስታውሳችሁ ዘንድ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሴቷ ረዘመች ቢባል 58 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ከአንድ ክንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ወንዱ ደግሞ ከ40 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ የመጀመሪያው የጀርባ ክንፉ ወደ ጭንቅላቱ ቀረብ ያለ ነው፤ ዓይኑ ከፊቱ አንጻር ትልቅ ነው። መኖሪያው ከሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ አንስቶ በዐረቢያ ባሕርና በኦማን ባሕረ ሰላጤ በኩል እስከ ቀይ ባሕር ይዘልቃል። ሌላ ቦታ በብዛት የሚገኘው በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በቀይ ባሕር ውስጥ ግን ከ1,000 ሜትርም በታች ይወርዳል፤ 2,195 ሜትር ድረስ የሚጠቅሱ መዛግብትም አሉ። የሚበላው ዓሣና እንደ ስኩዊድ ያሉ አጥንት አልባ የባሕር እንስሳትን ነው።

ሙቅ የሆነ ጥልቅ ባሕር

ቀይ ባሕርን ለእኛ የሚያቀርበው ሲራ ነው። ሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት በረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. በ615) የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች፣ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴዎች መርከብ ተሳፍረው ወደ ሀበሻ ተሻገሩ። እነሱ ያዩት የላዩን ውኃ ነው። ከመርከባቸው ሥር ያለው ግን በምድር ላይ ብዙ ወንድም የሌለው ባሕር ነው።

ለምን? መልሱ ያለው በስተደቡብ በር ላይ ነው። ባብ አል-መንደብ፣ "የልቅሶ በር"፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከበሩ ጥቂት ወደ ሰሜን ገባ ብሎ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ደግሞ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ ደፍ ይሠራል፤ እዚያ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀይ ባሕር እንደገና ይወርድና መሐሉ ላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ይህ ማለት የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውኃ ደፉን ተሻግሮ መግባት አይችልም። የሚገባው ከላይ ያለው ሞቃት ውኃ ብቻ ነው። ገንዳን አስቡ፦ ቧንቧው ያለው ከአፉ ላይ ነው፤ ከታች የሚገባ ነገር የለም።

የገባው ውኃ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ ሳያገኝ በፀሐይ ይተናል። በዓመት ከገጹ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውኃ ወደ አየር ይሄዳል። ጨዉ ግን አይተንም። በሰሜን ጫፍ፣ በስዊስና በዐቀባ ባሕረ ሰላጤዎች አካባቢ፣ ክረምታቸው ሲመጣ ይህ ጨዋማ ውኃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ከብዶም ይሰምጣል። የቀይ ባሕር ጥልቅ የሚሞላው በዚህ ነው። ውጤቱም ይህ ነው፦ በሌሎች ውቅያኖሶች በ2,000 ሜትር ጥልቀት የውኃው ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ግን ከ200 ሜትር ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ 21 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይዘልቃል። በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ ውስጥም 40 ግራም ያህል ጨው አለ፤ የሌላው ውቅያኖስ አማካይ 35 ነው።

የዚህ ባሕር ጨው ቤታችንም ገብቷል። የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ድሮ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ባሕሩ ገብቶ ተዘግቶበት ሲተን ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ ሄደ። ግመል ጭኖት ደጋ ያወጣው የነበረው አሞሌ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። የምድሩ መከፈትም አልቆመም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምድር ቅርፊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተለያይቷል።

ሙቀቱ ለምን ችግር ሆነ?

ሙቅ ቤት ደስ የሚል ይመስላል። ለጥልቅ ባሕር እንስሳ ግን ፈተና ነው። ከታች ብርሃን ስለሌለ እንደ ተክል ምግቡን የሚሠራ ነገር የለም፤ አብዛኛው ምግብ ከላይ ሞቶ የሚወርድ ፍርፋሪ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር ፍርፋሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደገባ ሥጋ ሳይበላሽ ወለሉ ድረስ ይደርሳል። በቀይ ባሕር ግን ከማቀዝቀዣ ውጭ እንደዋለ ሥጋ ነው፤ ባክቴሪያ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ባክቴሪያው ሲሠራ ኦክስጅኑንም ይጠቀማል። ሙቅ ውኃ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የእንስሳው አካል ራሱ በሙቀት ውስጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚያቃጥል ብዙ ምግብና ብዙ አየር ይፈልጋል። ገቢ ያነሰበት፣ ወጪ የበዛበት ቤት ማለት ነው።

ኢያጎ በዚህ ቤት የሚኖረው በምን ዘዴ ነው? አንዱ ስንጥቡ፣ ማለትም የዓሣ መተንፈሻው፣ ነው። ከሰውነቱ መጠን አንጻር ስንጥቡ ሰፊ ነው፤ ተመራማሪዎች ይህ ስፋት ኦክስጅን ላነሰው፣ ለሞቀውና ለጨዋማው ውኃ የተመቸ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የገጽ ስፋት ሲጨምር የሚያልፈው ነገር እንደሚጨምር የሙቀት መለዋወጫ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ትንሽነቱ ነው፤ ትንሽ አካል በጥቂት ምግብ ያድራል።

አንድ ኩንታል በጥፍር ላይ

ስለ ግፊቱ እናስላ። የባሕር ውኃ ጥግግት በሜትር ኩብ 1,030 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በ1,000 ሜትር ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት 103 ኪሎ ግራም ይሆናል። እህል በረንዳ ሄዳችሁ አንድ ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ወዛደር እዩ። ያ ኩንታል በአንዲት ጥፍር ላይ ሲያርፍ፣ በጎኗም ባለችው ጥፍር ላይ ሌላ ኩንታል፣ እንዲህ እያለ በመላው ሰውነት ላይ ማለት ነው።

ታዲያ ሻርኩ ለምን አይጨፈለቅም? የሚጨፈለቅ አየር ስለሌለው ነው። ውኃ በግፊት ብዙ አይጨመቅም፤ የሻርኩ ሥጋም አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ግፊቱ እኩል ነው። ብዙ ዓሦች ለመንሳፈፍ በሆዳቸው የአየር ከረጢት ይይዛሉ፤ ሻርክ ግን የለውም። በአየር ፈንታ ከውኃ የሚቀል ዘይት በትልቅ ጉበቱ ውስጥ ያከማቻል። ዘይት እንደ አየር ስለማይጨመቅ ላይም ታችም እኩል ያገለግለዋል።

ይሁን እንጂ ግፊት የሚጎዳው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የፕሮቲኖች ቅርጽ ነው። ሻርኮች ደማቸው ከባሕሩ ጨዋማነት ጋር እንዲመጣጠን በሰውነታቸው ውስጥ ዩሪያ ያኖራሉ። ዩሪያ ደግሞ ፕሮቲን ያዛባል። ስለዚህ የዩሪያውንም የግፊቱንም ጉዳት የሚከላከል ቲማኦ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። የሻርክ ሥጋ ሲቆይ የአሞንያ ሽታ የሚያመጣው ከዩሪያው መፍረስ የተነሳ ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ሻርኮች ገደብ አላቸው። ከ3,000 ሜትር በታች ሻርክ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ዘይት የሞላ ጉበት ለመያዝ የሚያስፈልገው ምግብ እዚያ አለመኖሩ ነው። የባሕር ወለል ብዙው ክፍል ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ለሻርኮች የቀረላቸው ስፍራ ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው።

በጨለማ ማየት

የፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በታች እየደበዘዘ ሄዶ በ1,000 ሜትር ፈጽሞ ይጠፋል። የሻርኮች ዓይን ከብርሃን ተቀባዩ ክፍል ኋላ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ንጣፍ አለው፤ አንዴ ያመለጠው ብርሃን ተመልሶ እንዲያልፍ ያደርጋል። የድመት ዓይን ማታ የሚያበራው በዚሁ ነው። የኢያጎ ዓይን መተለቅም ያለችውን ጥቂት ብርሃን፣ የጥልቁ እንስሳት ራሳቸው የሚያወጡትን ጨምሮ፣ ለመሰብሰብ ያግዘዋል።

ዓይን በማይደርስበትም ሌላ ስሜት አለ። ሻርኮች በአፍንጫቸው አካባቢ ባሉ ቀዳዳዎች አማካይነት የሌላ እንስሳ ጡንቻ የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ መስክ ይሰማሉ። የኢያጎ የቤተሰብ ዘመድ በሆነ አንድ ሻርክ ላይ በተደረገ ጥናት በአንድ ሳንቲ ሜትር 5 ናኖቮልት እንኳ ሲደርሰው ምላሽ ሰጥቷል። ይህን ለመረዳት አንዲት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ውሰዱ፤ አንዱን ጫፏን መርካቶ፣ ሌላውን ጫፏን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው ሶርያ ውስጥ በሐለብ ከተማ አድርጉ። በመሐል የሚፈጠረው መስክ ያን ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በጥልቅ ባሕር ስላለ ተደራራቢ ጨለማ በሱረቱ-ን-ኑር 40ኛው አያ መጠቀሱን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንድ ወንድሞች አያውን ከባሕር ሳይንስ ቁጥሮች ጋር እያዛመዱ ያስተላልፋሉ። ኡስታዛችን ግን ያስተማረን አያው የከሃዲን ሥራ ከንቱነት ለማሳየት የመጣ ምሳሌ መሆኑን ነው። እኔም ቁጥሮቹን በአያው ላይ መለጠፍ አልፈልግም፤ የሳይንስ ቁጥር ነገ በተሻለ መለኪያ ሊታረም ይችላልና። ምሳሌውን ከሙፈሲሮች፣ ጥልቀቱን ከለኩት ሰዎች ብንማር ሁለቱንም አንበድልም።

መውለድ

ኢያጎ እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። በመጀመሪያ ጽንሱ በእንቁላሉ አስኳል ይመገባል፤ ቆይቶ የአስኳሉ ከረጢት ከእናቱ ማኅፀን ግድግዳ ጋር ተያይዞ እንደ እንግዴ ልጅ ያገለግለዋል። በአንድ ጊዜ የሚወለዱት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ናቸው።

ብዙ የጥልቅ ባሕር ሻርኮች ከዚህም ያነሰ ይወልዳሉ፤ ኑሯቸውም ዘገምተኛ ነው። የመጨረሻው ምሳሌ በሰሜን በረዷማ ባሕር የሚኖረው የግሪንላንድ ሻርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት የዓይኑን ሌንስ ካርቦን መርምረው ትልቋ ሴት ቢያንስ 272 ዓመት እንደኖረች ገመቱ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ትዋኝ ነበር ማለት ነው። ዝርያው ለመውለድ የሚደርሰው በ150 ዓመቱ ገደማ ነው ተብሏል። እንዲህ ያለን ፍጡር ለጉበት ዘይቱ ወይም ለአጽሙ ብሎ በመረብ መጥረግ ቀላል ነው፤ የሚተካው ግን በእኛ ዕድሜ አይደለም።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ

አሁን የጎረቤታችንን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። "ሻርክ ካንሰር አይዘውም" የሚለው ወሬ የተነሳው ከእውነተኛ ምርምር ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ዕጢ ደግሞ ለማደግ አዲስ የደም ሥር ይፈልጋል። ስለዚህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ከልም አጥንት የወጣ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ከዕጢ አጠገብ ሲቀመጥ የደም ሥሮችን እድገት እንደሚገታ አዩ። እስከዚህ ትክክል ነው። ከዚያ በ1992 ሻርኮች ካንሰር አይዛቸውም የሚል መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ወጣና ገበያው ተከፈተ።

ስህተቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሻርኮች ካንሰር ይይዛቸዋል፤ በ2004 የወጣ ጥናት በሻርኮችና በዘመዶቻቸው ላይ የተመዘገቡ ዕጢዎችን ዘርዝሯል፤ በልም አጥንታቸው ላይ የበቀለም አለ። ሁለተኛ፣ ቢታመሙም ባይታመሙም፣ የአንድ እንስሳ ጤና አጥንቱን ለበላ ሰው አይተላለፍም። በቤተ ሙከራ ከዕጢ አጠገብ የተቀመጠ ነገርና በአፍ የተዋጠ ዱቄት አንድ አይደሉም፤ ጨጓራ ፕሮቲኑን እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ በሰው ላይ ተሞክሯል። በ2005 በወጣ ሙከራ 83 ሕሙማን፣ በ2010 በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ 379 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ተሳትፈው የሻርክ ልም አጥንት ውጤቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ረዘም ያለ ዕድሜ አላገኙም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘውናል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም አስተምረዋል። የእህታቸው ልጅ ክፉ አላሰበም፤ ለአክስቱ ከደመወዙ ቆርጦ ነው የላከው። ግን በቅን ልብ የተላከ የተሳሳተ ወሬም ሰው ያስቀራል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ደግሞ በሰፈራችን "አንብብልኝ" የምንባል ሰዎች ነን። ይህ አማና ነው። የማናውቀውን አላውቅም ማለት የአማናው አንዱ ክፍል ነው፤ ሄዶ አጣርቶ መመለስ ደግሞ ሌላው።

ከአምስት ቀን በኋላ ቤታቸው ሄጄ ያነበብኩትን በቀላል ቋንቋ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ታዲያ ይኼ ሁሉ ብር የወጣበት ብልቃጥ ምን ይሁን?" አሉ። ለሐኪማቸው ሳያሳዩ እንዳይውጡት፣ ቀጠሯቸውንም እንዳያስቀሩ ለመንኳቸው። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልለው ከካርዳቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ ስለ ሻርኩ ጠየቁኝ፤ የሰሃቦች መርከብ ያለፈችበት ባሕር ውስጥ እንዳለ ስነግራቸው "ሱብሐነላህ! እነሱ ላይ ላዩን ሲሄዱ እሱ ታች ነበር በለኛ" አሉኝ።

በዱዓችሁ አስቧቸው። አላህ ሽፋውን ይስጣቸው፤ ለእኛም የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፣ የተማርነውንም በአማና የምናደርስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።